ከጉልበቱ በፊት ልጓሙ
ለአረጋውያንና ለጀማሪዎች የሚሆን የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ዳሰሳ ከእንጭኒ ደጋ

ለአባት የሚገዛ በቅሎ ለጉግስ ከሚገዛ ፈረስ ተለይቶ ይመረጣል። በሸዋ ደጋ ያደገ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ገዢው በቅሎዋን ከማስጋለቡ በፊት አጠገቧ ቆሞ እርካቡን ይረግጣል፤ ሲወጡባት ጸጥ ብላ ትቆማለች ወይስ ትሽከረከራለች? ቀጥሎ ወደ ቁልቁለት ይወስዳታል፤ ልጓሟ ሲሳብ ትሰማለች ወይስ አንገቷን አስግጋ ትነጉዳለች? አረማመዷስ ወገብ ያደክማል? ፍጥነቷ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ ይቀራል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲሸጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይጀመራል። ቀድሞ የሚነገረው ስንት እንደሚሮጥና አንዴ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። ይህ ለሃያ ዓመት ወጣት ይበቃ ይሆናል። ጉልበቷ ለከዳት እናት፣ ጡረታ ለወጣ መምህር፣ በሕይወቱ ብስክሌት ነድቶ ለማያውቅ ጎልማሳ ግን አይበቃም። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ አንድ ነው፦ ለእነዚህ ሰዎች የኤሌክትሪክ ብስክሌት በበቅሎው ሥርዓት ይመረጥ። መጀመሪያ መውጫና መውረጃው፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ከዚያ አነሳሱ ይታይ፤ ጉልበትና ርቀት በመጨረሻ ይምጡ።

ጥያቄው ለምን እንጭኒ ላይ

እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአዳ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የሙገር ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት መንገድ ያልፍባታል፤ ዙሪያዋ የእህልና የወተት አገር ነው። በወረዳው የጀርሲ ከብት ሲረባበት የኖረ የወተት ምርምር ጣቢያም አለ። በከተማዋ ሰው የሚጓጓዘው በእግሩ፣ በባጃጅና በጋሪ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ወደ ለቅሶና ወደ እድር የሚኬደው መንገድ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት፣ ቢበዛ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ለመኪና የሚያበቃ ርቀት አይደለም፤ ለሰባ ዓመት ጉልበት ግን ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ትክክለኛ ቦታ ይህ መሐል ላይ ያለው መንገድ ነው።

ደጋነቱ ራሱ ለኤሌክትሪክ ያደላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ተራ የቤንዚን ሞተር የሚያቃጥለውን ኦክስጅን ከአየር ስለሚወስድ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የሰው ሳንባም እንዲሁ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። በአዋሽ ሜዳ ያለው ጉልበት በእንጭኒ ዳገትም አብሮት አለ።

ዘመኑም እየገፋ ነው። መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡን ዜሮ፣ በከፊል ተበትነው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚለው ክርክር አልፏል። የቀረው የትኛው ለማን ይሁን የሚለው ነው።

ከምን ከምን ይመረጣል

በአንድ ስም የሚጠሩት ዕቃዎች በጠባያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። በስድስት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው በፔዳል የሚታገዘው ነው። ሰውዬው ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ያግዘዋል፤ መርገጡን ሲተው ሞተሩም ይተዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ያማሃ «ፓስ» ብሎ ይህን ዓይነት ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። የዛሬው የጃፓን ደንብ ሞተሩ የእግርን ኃይል እስከ ሁለት እጥፍ እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን እገዛው እየቀነሰ ሄዶ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ላይ ያቆማል። አውሮፓም 250 ዋትና 25 ኪሎ ሜትር ብላ ወስናለች። እነዚህ ወሰኖች በዘፈቀደ አልተቀመጡም፤ ተራ ሰው መንገድ ላይ ሊቆጣጠረው ከሚችለው ፍጥነት የተነሡ ናቸው።

ሁለተኛው እጀታው ላይ ጋዝ ያለው፣ ፔዳል ቢኖረውም ለስሙ የሚሆን፣ ስኩተር መሳይ ብስክሌት ነው። አብዛኛው የቻይና ሥራ ነው። ቻይና ራሷ ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመባል ፍጥነቱ ከ25 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱ ባትሪውን ጨምሮ ከ55 ኪሎ፣ ሞተሩ ከ400 ዋት እንዳይበልጥ፣ ፔዳልም እንዲኖረው ደንግጋ ነበር። ገዢ እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ይያዛቸው። ከእነሱ ያለፈ ዕቃ በዚያ ደንብ በተሠራበት አገር እንኳ ሞተር ሳይክል ተብሎ የሚመዘገብ ነበር።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ነው። በአዲስ አበባ ዶዳይ የተባለው ኩባንያ እየገጣጠመ የሚያቀርበው ዓይነት ለዕቃ አድራሽ ወጣት መልካም ሥራ ይሠራል። ለአረጋዊና ለጀማሪ ግን ይህ ሌላ ሙያ ነው፤ መንጃ ፈቃድና የሞተር ሳይክል ልምድ ይፈልጋል። ከዚህ ዳሰሳ እናስወጣዋለን።

አራተኛው ባለ ሦስት ጎማው ነው። አምስተኛው የሚታጠፈው ትንሽ ብስክሌት፣ ስድስተኛው ደግሞ በነበረው ተራ ብስክሌት ላይ ሞተርና ባትሪ የሚገጠምበት ነው። የመጨረሻው ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለጡንቻ ፍጥነት በተሠራ ፍሬንና ቸርኬ ላይ የሞተር ጉልበት መጫን ነው። ብስክሌቱ ጠንካራ፣ ገጣሚውም ባለሙያ ካልሆነ ለጀማሪ አይመከርም። የሚታጠፈው ለመኪና ጭነት ይመቻል፤ ማጠፊያው ግን በኮብልስቶን ንዝረት የሚላላ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ነው። በጋዝ ብቻ የሚነዳው ሁለተኛው ወገንም ለጀማሪ ስለማይሆን፣ የሚቀሩት ሁለት እውነተኛ ምርጫዎች ናቸው፦ በፔዳል የሚታገዘው ባለ ሁለት ጎማና ባለ ሦስት ጎማው።

እርካቡ

በኔዘርላንድስ በአረጋውያን ብስክሌት ነጂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ። ዕድሜ በገፋ ቁጥር መውደቅ የሚበዛው ሲወጡና ሲወርዱ፣ ወይም በጣም በዝግታ ሲሄዱ ነው። ብስክሌት በሩጫው ቀጥ ይላል፤ ሲቆም ግን ክብደቱን የሚሸከመው ሰውዬው ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ከ22 እስከ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ የተራው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ከኮርቻው እስከ መሪው የሚዘረጋው አግዳሚ ብረት ይታይ። ወደ ታች ጎብጦ እግርን ሳያነሡ የሚሻገሩት ዓይነት መሆን አለበት። በቀሚስ ያለች እናት ነጠላዋን ሰብስባ፣ ጋቢ የደረበ አባት ጉልበቱን ሳያስጨንቅ የሚያልፍበት ከፍታ ይሁን። «የሴት ብስክሌት ነው» የሚል ወንድ ካለ፣ ዳሌው ተሰብሮ ወራት ከሚተኛ ይህን ቢመርጥ ክብሩ አይጎድልም።

ቀጥሎ ኮርቻው ዝቅ ይደረግ። ለተለማመደ ነጂ ኮርቻ ከፍ ሲል ጉልበት ይቆጥባል። ለአረጋዊና ለጀማሪ ግን ተቀምጠው ሁለት እግራቸው በሙሉ መሬት መንካት አለበት። የ20 ወይም የ24 ኢንች ጎማ ያለው ብስክሌት ከ26 እና ከ28ቱ ይልቅ ለዚህ ይመቻል፤ ቁመቱም ክብደቱም ወደ መሬት ይቀርባል። መቆሚያው ሁለት እግር ያለውና ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። በአንድ ጎን የሚያዘነብለው መቆሚያ ክብደቱን ሁሉ በሰውዬው እጅ ላይ ይጥለዋል። አንዳንዱ ብስክሌት ወርደው ሲገፉት በእርምጃ ፍጥነት ራሱን የሚያግዝ ቁልፍ አለው። ዳገት ላይ ለሚወርድ አረጋዊ ይህ ትንሽ ቁልፍ ትልቅ ውለታ ይውላል።

ገዢው ሱቅ ሲገባ ሳይነዳ አሥር ጊዜ ይውጣ፣ አሥር ጊዜ ይውረድ። በአሥረኛው ትንፋሹ ካጠረ ወይም አንዴ እንኳ ከተንገዳገደ፣ ያ ብስክሌት የእሱ አይደለም።

ልጓሙ

ፍሬን በሚመዘንበት ጊዜ የቁጥሩን ነገር ማየት ይጠቅማል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኩንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ አንድ ሴኩንድ ተኩል ቢወስድ አይደንቅም። ያ ማለት ፍሬኑ ከመነካቱ በፊት ስምንት ሜትር አልፏል፤ በደህና ፍሬን ደረቅ መንገድ ላይ ለመቆም አራት ሜትር ያህል ይጨመራል፤ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሜትር። ይኸው ሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለመቆም ከሠላሳ ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገጨው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለአረጋዊ በ25 ኪሎ ሜትር የተወሰነ ብስክሌት የሚመከረው፣ ለጀማሪ ደግሞ የሞተሩን ኃይል በሚቆጣጠረው ሳጥን፣ በኮንትሮለሩ፣ ወደ 15 ዝቅ ሊል የሚችለው የሚመረጠው በዚህ ሒሳብ ነው።

የፍሬኑ ዓይነት በፊትም በኋላም ዲስክ ይሁን። ቸርኬን የሚቆነጥጠው የላስቲክ ፍሬን በክረምት ዝናብና ጭቃ ውስጥ ይንሸራተታል። ከዲስክ መካከል በዘይት ግፊት የሚሠራው በሁለት ጣት ይታዘዛል፤ እጁ በቁርጥማት ለተያዘ ሰው ይህ ወሳኝ ነው። በሽቦ የሚሠራው ግን በማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ይስተካከላል። እጅ ከደከመ ዘይቱ፣ እጅ ደህና ከሆነና ጠጋኝ ሩቅ ከሆነ ሽቦው ይመረጥ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፦ ፍሬኑ ሲነካ ሞተሩን በቅጽበት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ። ጀማሪ ሲደነግጥ እጀታውን አጥብቆ ይይዛል፤ እግሩም መርገጡን አያቆምም። ይህ ማብሪያ ከሌለ ሞተሩ እየገፋ ፍሬኑ ይጎትታል። ሱቅ ውስጥ የኋላው ጎማ ተነሥቶ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ ፍሬኑ በቀስታ ይነካ። ሞተሩ ወዲያው ዝም ማለት አለበት። ካላለ አይገዛ።

ከደጋው ወደ ሙገር ሸለቆ የሚወርዱትን ቁልቁለቶች በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው፦ ለአረጋዊና ለጀማሪ አይሆኑም። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ይግላል፣ ሲግል ይሰንፋል፤ ከኋላ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይመጣል።

አነሳሱ

ሰጋር በቅሎ የምትወደደው ከቆመችበት ስትነሣ ጌታዋን ስለማታናውጥ ነው። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ይህን ጠባይ የሚወስነው ፔዳሉ ውስጥ ያለው ሴንሰር ነው። አንደኛው ዓይነት ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ያያል፤ ሲዞር ሞተሩን ይከፍታል፣ ሲቆም ይዘጋል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከመረገጡ ጥቂት ዘግይቶ ይገፋል፣ መረገጡ ከቆመም በኋላ ለአፍታ ይቀጥላል። ጀማሪ ጠባብ ቦታ ሲዞር ያ የዘገየ ግፊት ወደ ቦይ ሊከተው ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት እግሩ ምን ያህል እንደጫነ ይለካል፤ በቀስታ ለሚረግጥ በቀስታ፣ ጠንክሮ ለሚረግጥ በርትቶ ያግዛል። ዋጋው ይጨምራል። በጀት ካለ ለአረጋዊ ብር የሚወጣበት ቦታ ይህ ነው።

በርካሹ ሴንሰር የሚገዛ ሰው የእገዛው ደረጃ ቢያንስ ሦስት እርከን እንዲኖረው፣ የመጀመሪያውም እርከን በጣም ለስላሳ እንዲሆን ይጠይቅ። እጀታ ላይ ጋዝ ካለ ለመጀመሪያው ወር ገመዱ ይነቀል። ጋዙን ሳያስቡት መጠምዘዝ ጀማሪን ከሚጥሉት ነገሮች አንዱ ነው። በጋዝ ብቻ የሚሮጥ ብስክሌት ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት የወረዳውን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ጉልበቱ

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። ሰውዬው 65፣ ብስክሌቱ 25፣ የያዘው ዕቃ 10 ኪሎ ይሁን፤ አንድ ኩንታል ሞላ። በመቶ ሜትር 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 190 ዋት ያህል ያስፈልጋል። በመቶ ሜትር 10 ሜትር ከፍ ካለ ወደ 300 ዋት ይጠጋል። ጤነኛ አረጋዊ ሳይጨነቅ የሚሰጠው ከ60 እስከ 80 ዋት ቢሆን ነው፤ የቀረውን ሞተሩ ይሸፍናል።

እዚህ ላይ ከዋቱ ይልቅ የሚጠቅመው በኒውተን ሜትር የሚለካው የመጠምዘዝ ጉልበት ነው። 40 ኒውተን ሜትር ያለው ሞተር በ26 ኢንች ጎማ ላይ መሬቱን በ120 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ በ20 ኢንች ጎማ ላይ ግን በ160። ያ የ10 በመቶ ዳገት 108 ኒውተን ገደማ ይጠይቃል። ትልቁ ጎማ በጭንቅ ሲደርስ፣ ትንሹ ጎማ ተርፎት ይወጣል። ለመውጣትና ለመውረድ የመረጥነው ትንሽ ጎማ ዳገቱንም ረዳን ማለት ነው።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሁለት ነው። በፔዳሉ ሥር የሚቀመጠው የብስክሌቱን ማርሽ ስለሚጠቀም ለዳገት የተሻለ ነው። ሆኖም ሰንሰለቱን ቶሎ ይበላል፤ ሲበላሽም መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ከሠራው ፋብሪካ ብቻ ይገኛል። በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የሚቀመጠው ግን ቀላል ነው፤ ኮንትሮለሩንም የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ሰው ሊለውጠው ይችላል። ጠጋኝ ቅርብ ላልሆነባት እንጭኒ በውስጡ ማርሽ ያለው፣ 350 ዋት ግድም የሆነ የእምብርት ሞተር ከ20 ወይም ከ24 ኢንች ጎማ ጋር የተመጣጠነ ምርጫ ነው።

ባትሪው

ሁለት ዓይነት ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ከሊድ የሚሠራው በ48 ቮልትና 12 አምፒር ሰዓት ከ16 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከሦስት እስከ አራት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ይደክማል። ሊቲየሙ ለተመሳሳይ አቅም የዚያን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ይመዝናል። ከሊቲየም ውስጥ ደግሞ ብረትና ፎስፌት ያለበት በጥቂቱ ይከብዳል፤ ሙቀት ግን በይበልጥ ይችላል፣ ከሺህ ጊዜ በላይም ይሞላል። ለአረጋዊ ቤት የሚመረጠው ይህ ነው። ባትሪው ከብስክሌቱ የሚነቀልና በአንድ እጅ የሚያዝ ይሁን።

አቅሙስ? በሜዳ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ መቶ ሜትር ከፍታ 36 ዋት ሰዓት ያህል ይታሰብ። ደርሶ መልስ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በመንገዱም 150 ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው 155 ዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የ500 ዋት ሰዓት ባትሪ ለሦስት እንዲህ ያለ ጉዞ ይበቃል። መብራት አንድ ቀን ቢጠፋም አያሳስብም። «100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ተብሎ የሚጨመረው ክብደትና ዋጋ ለእንጭኒ ኑሮ ትርፍ ሸክም ነው።

የመሙያውም ወጪ ቀላል ነው። ያ ባትሪ በመሙላት የሚባክነው ተጨምሮ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት በ6 ብር ቢታሰብ 3 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። በአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ25 ጊዜ በላይ ይሞላል።

አደጋውን ግን አንርሳ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በቻይና ናንጂንግ ከተማ ኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከቆሙበት የሕንፃ ምድር ቤት የተነሣ እሳት 15 ሰዎች ገደለ። ኒው ዮርክም በ2023 በሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ነዋሪዎቿን አጣች፤ በደህንነት ምርመራ ያላለፈ ባትሪ እንዳይሸጥም በዚያው ዓመት በሕግ ከለከለች። ለእኛ ቤት ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ከብስክሌቱ ጋር በመጣው ቻርጀር ብቻ መሙላት፤ በምንተኛበት ክፍልና በመውጫ በር ላይ አለመሙላት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ አለመተው፤ ከምድጃና ከከሰል ማራቅ፤ የተመታ ወይም ያበጠ ባትሪ ዳግም አለመሰካት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወቅት ውጭ ያደረ ባትሪ ደግሞ ወዲያው አይሞላ፤ ቤት ገብቶ ብርዱ ይውጣለት። በረዶ ነጥብ ላይ ያለ ሊቲየም ሲሞላ ውስጡ ይጎዳል።

ጭቃውና ጎሚስታው

የምዕራብ ሸዋ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እንደ ሙጫ ይይዛል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት የሌለው ብስክሌት በሐምሌ አንድ መቶ ሜትር አይሄድም። ጎማው 2 ኢንች ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ይሁን፤ የኮብልስቶኑን ንዝረት ያለዝባል፤ የጋሪ መንገድ ዐሻራ ውስጥም አይቀረቀርም። ሲታጠብ ውኃ በግፊት አይረጭበት፤ የሞተሩና የባትሪው መሰኪያዎች በጨርቅ ይጠረጉ።

የጎማውም መጠን የጎሚስታው ጉዳይ ነው። ካላማዳሪው በአካባቢው ሱቅ የሚገኝ ካልሆነ አንድ እሾህ ብስክሌቱን ለወር ያስቀምጠዋል። ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ካላማዳሪው የት ይገኛል? የፍሬኑ ሸራ የት ይገኛል? ባትሪው ሲደክም ማን ይለውጠዋል? ለሦስቱም መልስ ያለው መካከለኛ ብስክሌት፣ ለአንዱም መልስ ከሌለው ውድ ብስክሌት ይበልጣል።

ሦስት ጎማ መቼ?

ብዙ ሰው ሦስት ጎማ ሁሌም አይወድቅም ብሎ ያስባል። ቆሞ አይወድቅም፤ ሲጠመዝዝ ግን ይገለበጣል፤ ምክንያቱም ባለ ሁለት ጎማው ወደ ጠመዝማዛው ሲያዘነብል ይህ ማዘንበል አይችልም። ወደ ጠርዙ ባዘነበለ መንገድ ላይም መሪውን ወደ ቦይ ይጎትታል። ስለዚህ ሦስት ጎማ የሚገዛ ሰው ፍጥነቱን በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስን፤ ከመጠምዘዙ በፊት ይቀንስ። በዚህ ልክ ከተያዘ ሚዛን ለከዳው፣ ጉልበቱ ለታመመ፣ ወተት ወይም እህል ለሚያመላልስ አረጋዊ ከሁሉ የተሻለ ነው። ጭነቱ ከኋላ ዝቅ ብሎ ይጫን።

መማሩ

ነድቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሞተር አያስፈልገውም። ፔዳሎቹ ይፈቱ፤ ኮርቻው እስከ መጨረሻ ዝቅ ይበል። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ተቀምጦ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይንሸራተት። ሁለት እግሩን አንሥቶ አሥር ሜትር መሄድ ሲችል ሚዛን ገብቶታል። ከዚያ ፍሬን ይማር፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ይመለስ፤ በመጨረሻ ሞተሩ በዝቅተኛው እርከን ይከፈት። ለአንዱ ሦስት ቀን፣ ለሌላው ሦስት ሳምንት ይፈጅ ይሆናል። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የራስ ቁር ከመጀመሪያው ቀን ይደረግ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ የሚያዞረው ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

መንገዱ የማን ነው?

ጥሩ ብስክሌት መጥፎ መንገድን አያካክስም። አዲስ አበባ ከኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎችን ለእግረኛና ለብስክሌት ስትከፍት፣ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ስትዘረጋ መልካም ጀምራለች። ባሕር ዳርና ሐዋሳም ብስክሌትን የዕለት ኑሯቸው አድርገው ኖረዋል። ይህች አገር በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተሰለፈችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ብስክሌት ለእኛ ባዕድ ሆኖ አያውቅም።

እንደ እንጭኒ፣ ጊንጪ፣ አምቦና ጉደር ያሉ ከተሞች የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም፦ ከከባድ መኪናው የተለየ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ፣ ክዳን ያለው ቦይ፣ በጤና ጣቢያውና በገበያው በር ላይ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት። ይህ ለአረጋዊው ሲሠራ፣ ለትምህርት ቤት ልጅም ለነፍሰ ጡርም ይሆናል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሁሉንም ወደ ሰው እንመልሰው። ተራ ብስክሌት ሲነዳ የኖረና አሁን ዳገት የከበደው ጡረተኛ፣ ዝቅ ያለ አግዳሚ ብረትና የእግርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው በፔዳል የሚታገዝ ብስክሌት ይግዛ። ነድታ የማታውቅ ጎልማሳ ሴት፣ ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ ፍጥነቱ ወደ 15 የሚወሰን፣ ጋዙ የተነቀለ ይሁንላት። ሚዛን የከዳቸው ወይም ጭነት ያለባቸው አባቶችና እናቶች፣ ዝግ ያለ ባለ ሦስት ጎማ ይምረጡ። በቤታቸው ጠባብ ክፍል ብቻ ያላቸው ሁሉ፣ የሚነቀል የብረት ፎስፌት ባትሪ ያለው ይፈልጉ። ቀጥ ባለ ቁልቁለት አፋፍ ላይ የሚኖሩ ደግሞ ለጊዜው ከጋሪውና ከባጃጁ አይለዩ።

ልጅ ለወላጁ ሲገዛ ከሁሉ የሚከብደው ስጦታው እንዲያምር መፈለግ ነው፤ ትልቅ፣ ፈጣን፣ የሚያብረቀርቅ። ያን ምኞት ገታ አድርጎ አባቱን ወይም እናቱን ይዞ ሱቅ ይሂድ፤ እርካቡን ራሳቸው ይርገጡት፣ ልጓሙን ራሳቸው ይሳቡት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አበው። እናት ከቤቷ ተነሥታ፣ ማንንም ሳትለምን ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ ከሰዓት በፊት በደህና ቤቷ ከገባች፣ የተገዛው በትክክል ተመርጧል።